የመንገድ መሪው መሣሪያና ባለቤቱ

የሆላንዱ ቶምቶም ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. «ጎ» የተባለውን የመኪና መንገድ መሪ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ መሣሪያው የሚሠራው በሊኑክስ ነበር። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ ፕሮግራሙን የሚያሠራጭ ሁሉ ምንጭ ኮዱን ለተቀባዩ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ በተነሣ ጊዜ ኩባንያው ኮዱን ይፋ አደረገ። ካርታውና መንገድ መሪው ፕሮግራም ግን እንደ ተዘጉ ቀሩ። በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ብልሃተኞችም የራሳቸውን ከርነል አጠናቅረው፣ ኩባንያው ያላሰባቸውን ፕሮግራሞች በዚያች ትንሽ መሣሪያ ላይ አሠሩ።

ከፋብሪካው ጀምሮ ከመኪናው ጋር የተገጠመው መሣሪያ ዕጣ ግን ሌላ ነበር። በአሜሪካ የ1998 ዓ.ም. ሕግ የዲጂታል ቁልፍን መስበር ከልክሏል። በ2015 ዓ.ም. ለመኪና ባለቤቶች ለጥገናና ለማሻሻያ የሚሆን ልዩ ፈቃድ ቢሰጥም፣ የመገናኛና የመዝናኛ ፕሮግራሞች ከፈቃዱ ውጭ ተደረጉ፤ ይህም ገደብ የላላው በ2018 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያዎቹ በሩን የከፈተላቸው ቀደም ብሎ የተጻፈ የፈቃድ ውል ሲሆን፣ ውሉ ያልደረሰላቸው ግን የመንግሥትን ፈቃድ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ ፈቃዱን ሲመርጥ፣ ከቶ ለማያውቀው ገዢ የባለቤትነትን ወሰን አብሮ ይወስናል።