ሚኒ ኢምፕላንት (ጥርስ ማስተካከያ)

ሚኒ ኢምፕላንት በጥርስ ማስተካከያ ሕክምና (ኦርቶዶንቲክስ) ወቅት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ለጊዜው የሚገባ ትንሽ ብሎን ነው። የወለቀ ጥርስን ከሚተካው የጥርስ ኢምፕላንት ይለያል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸከምም፣ ሥራው ሲያበቃም ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከታይታኒየም ቅይጥ ይሠራል። ውፍረቱ ከ1.2 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ ከ6 እስከ 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

አስፈላጊነቱ

አንድ ጥርስ በሽቦ ወይም በላስቲክ ሲሳብ መደገፊያ የሆነው ጥርስም በአጸፋው ይሳባል። ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና በሌላ መኪና ሲጎተት ጎታቹም ሊንሸራተት ይችላል፤ ገመዱ ከትልቅ ዛፍ ጋር ከታሰረ ግን ዛፉ ከቦታው አይነቃነቅም። ሚኒ ኢምፕላንት የዛፉን ቦታ ይይዛል።

ገጣጣ የፊት ጥርሶችን ወደ ኋላ ለመመለስ አንዳንድ ጊዜ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጥርስ ተነቅሎ ወደ 7 ሚሊሜትር የሚጠጋ ክፍተት ይገኛል። የፊቶቹ ሲሳቡ የኋላ መንጋጋዎች ወደ ፊት ከመጡ ክፍተቱን ይሻሙታል። ገጣጣነቱ በከፊል ይቀራል፤ የተነቀለው ጥርስ ግን አይመለስም። ቀድሞ ለዚህ መፍትሔው በጭንቅላት ወይም በአንገት ላይ የሚጠለቅ ማሰሪያ ነበር። በቀን ለብዙ ሰዓት መደረግ ስላለበት ውጤቱ በታካሚው ትጋት ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ብዙ ወጣቶችም አይታገሡትም። ብሎኑ በተለይ የኋላ ጥርሳቸውን ቀድሞ ላጡ አዋቂዎች ይጠቅማል፤ እነርሱ ሌላ መደገፊያ የላቸውም።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1945 ጌይንስፎርዝና ሂግሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በውሾች መንጋጋ ላይ የብረት ብሎን ሞክረው ነበር፤ ሁሉም በሳምንታት ውስጥ ላልተው ወደቁ። በ1983 ክሪክሞርና ኤክሉንድ ከአፍንጫ በታች ባለው አጥንት አንድ ብሎን አስገብተው የአንዲት ታካሚን የላይኛ የፊት ጥርሶች 6 ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይ አነሡ። በ1997 ጃፓናዊው ካኖሚ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ትንሽ ብሎን ካስተዋወቀ በኋላ ዘዴው በኮሪያና በሌሎች አገሮች ተስፋፋ።

አገባቡና መላላቱ

ሐኪሙ በራጅ የጥርሶቹን ሥር አይቶ ቦታ ይመርጣል፤ ብሎኑ ሥር ከነካ የመላላት ዕድሉ ይጨምራል። ድዱ በመርፌ ደንዝዞ ብሎኑ በእጅ መፍቻ ይገባል፤ ይህ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። የሚይዘው በዋነኛነት አጥንቱን ነክሶ ስለሆነ ወራት ሳይጠበቅ ሞላ ወይም ላስቲክ ሊታሰርበት ይችላል። ሲወጣም ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ ቀዳዳው በራሱ ይድናል።

ዋናው ድክመቱ መላላት ነው። በ2012 የወጣና ወደ 5,000 የሚጠጉ ብሎኖችን ያካተተ ግምገማ 13.5 በመቶው ከሥራ ውጭ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከሰባት አንድ ማለት ይቻላል። በዙሪያው ያለ ድድ ማበጥ አንዱ ምክንያት ስለሆነ ቦታው በለስላሳ ብሩሽ መጽዳት አለበት። የእንጨት መፋቂያ ለሌሎቹ ጥርሶች ቢበጅም ጠንካራ ጫፉ የብሎኑን ራስ እንዳይገፋ ያሰጋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የኦርቶዶንቲክስ ሐኪሞች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። በኢሉባቦር ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ያዮ ከዋና ከተማዋ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ብሎኑ የታካሚውን የማሰሪያ ትጋት ቢተካም ምልልሱን አያስቀርም፤ ሽቦውና ሞላው በየጥቂት ሳምንቱ መታየት አለባቸው። ብሎኑ ሳያም ሊላላ ስለሚችል፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሳያውቅ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሊጠብቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጥርሱ ባለበት ይቆማል፣ ወይም ሞላው ከመንጋጋ ጥርስ ጋር ከተያያዘ እንዲቆይ የተፈለገው ጥርስ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ቀላል ቢሆንም፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ብሎኑ ቢላላ ማን ቶሎ እንደሚያየውና ለምልልሱ የሚወጣው ወጪ ከየት እንደሚመጣ መነጋገር ያስፈልጋል። የላላው ብሎን ወጥቶ ሌላ ቦታ አዲስ ሊገባ ይችላል።