ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ የኢሜይል ሰርቨር ኃላፊ ነበርኩ። «ኃላፊ» ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰርቨሩ ጠረጴዛዬ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር፤ ሊኑክስና ፖስትፊክስ ተጭኖበታል፣ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ እየጮኸ ትንሽ ያቆየዋል። አንድ ሰኞ ጠዋት አውሮፓ ያለ ገዢያችን ደወለ። «የባንክ ሒሳባችሁን መቀየራችሁን የሚገልጽ ኢሜይል ደርሶናል፤ ገንዘቡን ከመላካችን በፊት እናረጋግጥ ብለን ነው» አለ። እኛ ምንም አልቀየርንም። መልእክቱ ግን በእኛ ስም፣ በእኛ አድራሻ ነበር የሄደው።

አለቃዬ መልእክቱን በወረቀት አሳትመው ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «አንተ ልጅ፣ ማኅተሙ የታለ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ኢሜይል እኮ ማኅተም የለውም።»

«ማኅተም ከሌለው ታዲያ ማነው ደብዳቤ ያለው?»

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ይዤ ወደ ኋላ የሄድኩበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ ኢንጂነር፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች አንዱ ላይ ሆኖ ወደ ሌላው መልእክት ላከ። ኮምፒውተሮቹ የሚገናኙት አርፓኔት በሚባለው የምርምር መረብ ብቻ ነበር። የሰውን ስም ከማሽኑ ስም ለመለየት ዛሬ በየአድራሻው መሃል የምትቀመጠዋን ጅራታም ምልክት መረጠ። በዚያ ዘመን መረቡ ላይ የነበሩት በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ናቸው። ሰዎቹ ይተዋወቃሉ። የሚተዋወቅ ሰው ደግሞ «መታወቂያ አሳየኝ» አይባባልም።

በ1982 ጆን ፖስቴል ያዘጋጀው የኤስኤምቲፒ ሰነድ ወጣ። ኢሜይል ዛሬም የሚጓዘው በዚህ ደንብ መሠረት ነው። አሠራሩ የሁለት ሰው ወግ ይመስላል። ላኪው ሰርቨር የተቀባዩን በር አንኳኩቶ ስሙን ይናገራል። ቀጥሎ «ደብዳቤው ከእገሌ ነው» ይላል። ከዚያ «ለእገሌ አድርስልኝ»። ተቀባዩ «እሺ» ካለ ጽሑፉ ይተላለፋል። አለቀ። «ከእገሌ ነው» የተባለው እውነት ይሁን ውሸት ደንቡ አይጠይቅም። እኛን ሊያስበላን የነበረው ክፍተት ይኸው ነው፤ ማንም ሰው ከየትም ሆኖ «እኔ ቡና ላኪው ነኝ» ማለት ይችል ነበር።

ያን ዘመን ለመረዳት የእኛን አደራ ማሰብ ይበቃል። ድሮ ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ደብዳቤ ሲሰጡት ሳይከፍት፣ ሳይመረምር ይዞ ይመጣል። ሰርቨሮችም እንደዚያ ነበሩ። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ኦልማን የጻፈው ሴንድሜይል የተባለ ፕሮግራም ለዓመታት የኢንተርኔቱ ዋና ፖስተኛ ሆኖ ሠርቷል። የማያውቀው ሰው ለማያውቀው ሰው የላከውን ደብዳቤ ተቀብሎ ማሳለፍ ለእሱ መልካም ጉርብትና ነበር።

አደራ የሚበላ ግን አይጠፋም። ገና በ1978 አንድ የኮምፒውተር ድርጅት ሻጭ ወደ 400 ለሚጠጉ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች ማስታወቂያ በአንዴ ልኮ ብዙዎችን አስቆጥቷል። ዛሬ ስፓም የምንለው የዚያ ልጅ ነው። በኅዳር 1988 ደግሞ ሮበርት ሞሪስ የተባለ ተማሪ የለቀቀው ትል በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አሽመደመደ። ከገባባቸው በሮች አንዱ ሴንድሜይል ላይ ለጥገና ተብሎ ክፍት የተተወ ቀዳዳ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ስፓም ላኪዎች በሰው ሰርቨር በነፃ መሳፈርን ሥራቸው አደረጉት። በ1997 እነ ፖል ቪክሲ ጥፋተኛ አድራሻዎች የሚመዘገቡበት ጥቁር መዝገብ ማሠራጨት ጀመሩ። በ1998 ሴንድሜይል ራሱ በ8.9 እትሙ የማያውቀውን ሰው ደብዳቤ ማሳለፍ አቆመ። አደራ መቀበል ቀረ ማለት ነው።

ልክ በዚህ ጊዜ ነው እኛ የገባነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል ነበር። ናንሲ ሃፍኪን የመሩት ይህ ሥራ ከአሥር በላይ የአፍሪካ አገሮችን ከኢሜይል ጋር ለማገናኘት ረድቷል። መንገዱ ፊዶኔት ነበር። ደብዳቤዎች ኮምፒውተሩ ላይ ይጠራቀማሉ፤ ከዚያ ሞደሙ በስልክ ይደውልና ጥቅሉን ባንዴ ይሰጣል፣ የመጣውንም ይቀበላል። እናንተ ቴሌግራም ላይ ሁለተኛዋ ምልክት በሦስት ሰከንድ ካልመጣች «ምን ሆነ?» ትላላችሁ፤ ያኔ ግን መልስ በማግሥቱ መምጣቱ ተአምር ነበር።

በ1997 ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ከዚያ በኋላ በነጋዴው ካርድ ላይ ከፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ሥር አዲስ መስመር ተጨመረ፦ በ«ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ» የሚያልቅ አድራሻ። ብዙም ሳይቆይ ያሁና ሆትሜል መጡ፤ በ2004 ደግሞ ጂሜይል። ነፃ ናቸው፣ መብራት ጠፋ አይሉም። ዛሬ ትልቅ ሕንፃ ያቆመ ድርጅት ታፔላው ላይ የጂሜይል አድራሻ ጽፎ ብታዩ አትገረሙ።

ማኅተሙስ? ዘግይቶ መጣ፣ ያውም ሦስት ሆኖ። የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ ነው፤ «በእኔ ስም ደብዳቤ የሚያደርሱ መልእክተኞች እነዚህ ብቻ ናቸው» የሚል ዝርዝር፣ በዶሜይን ስማችሁ መዝገብ ላይ ለዓለም ሁሉ የሚለጠፍ። ሁለተኛው በ2007 ደንብ ሆኖ የወጣው ዲኪም ነው። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ደብዳቤ በሚስጥር ቁልፍ ይፈርማል፣ ተቀባዩ በአደባባይ በተቀመጠው ጥንድ ቁልፍ ያመሳክራል። ሦስተኛው በ2012 የወጣው ዲማርክ ነው፤ «ከስሜ ጋር የማይገጥም ደብዳቤ ቢመጣላችሁ መልሱት፣ ለእኔም ሪፖርት አድርጉልኝ» የሚል ትእዛዝ። በ2024 ጉግልና ያሁ ብዙ ደብዳቤ የሚልኩ ሁሉ ሦስቱንም እንዲያሟሉ አስገደዱ፤ ለጉግል ልኩ በቀን 5,000 ገደማ ነው። ሌላውም ላኪ ቢሆን ቢያንስ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሊኖረው ይገባል።

ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ደንቡ ሌባውን ያዘ፤ ግን ጠረጴዛ ሥር ላለች ትንሽ ሰርቨርም መኖርን ከባድ አደረገባት። ድሮ ሁሉም እኩል ፖስተኛ ነበር። ዛሬ ደብዳቤያችሁ ገቢ ሣጥን ይግባ ወይስ ስፓም፣ በአብዛኛው የሚወስኑት ጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው። አድራሻችሁ እነሱ ቤት ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ቢዘጋ የደንበኞቻችሁ ደብዳቤ አብሮ ይዘጋል። የራሳችሁ ዶሜይን ካላችሁ ግን ፖስታ ሣጥኑን ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ትችላላችሁ፤ ስሙ የእናንተ ነው። ሰርቨር ማስተዳደር ባትችሉ እንኳ ስሙን ለሰው አትስጡ የምለው ለዚህ ነው።

እኛ ያን ሳምንት ሰርቨሩን ከጠረጴዛዬ ሥር አንስተን የኪራይ ማሽን ላይ አዛወርነው። ሦስቱንም መዝገቦች ጻፍኩ። ዲማርኩን መጀመሪያ ሪፖርት ብቻ እንዲያደርግ፣ ሁሉም መስመር ከያዘ በኋላ እንዲመልስ አደረግኩት። ለገዢያችንም አንድ ፊደል ቀይሮ ተመሳሳይ ስም የሚመዘግብ ሌባን ይህ ሁሉ እንደማያስቆመው ነገርኩት፤ የባንክ ሒሳብ ጉዳይ ከሆነ ያው ስልክ ይደወል። ያዳነችን እሷ ናት።

ለጋሼ የአንዱን ደብዳቤ የውስጥ ገጽ ከፍቼ «አለፈ፣ አለፈ፣ አለፈ» የሚሉትን ሦስት ምልክቶች አሳየኋቸው።

«ማኅተሙ ይኸ ነው?»

«አዎ ጋሼ። ቁልፉ በፋይል ነው ያለው።»

ጥቂት አሰቡ። «ቅጂውን በፍላሽ አምጣልኝ» አሉ። ፍላሹን በፖስታ አሸጉት፣ ካዝናውን ከፈቱ፣ ከድርጅቱ ክብ ማኅተም አጠገብ አስቀመጡት።