የይሁዳ አንበሳ በማን ሰንደቅ ላይ?



ስለ ፍሪሜሶን ማኅበር የሚወራው ብዙ ነው። አንበሳ ወይም ንስር የተሣለበት ነገር በታየ ቁጥር «ይህ የእነርሱ ምልክት ነው» የሚል ሰው በዱባይም፣ በሻርጃም፣ በዓጅማንም አታጡም፤ በስልካችሁም ይደርሳችኋል። ወሬው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከገዛ ታሪካችን የወረስነውን ለሌላ አሳልፎ ስለሚሰጥ፣ የእነዚህ ሥዕሎች መንገድ ከየት እንደ ተነሣ መከታተል ይገባል። መነሻው የሲና ምድረ በዳ ነው።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 2 የእስራኤል ነገዶች በመገናኛው ድንኳን ዙሪያ በየዓላማቸው ሥር እንዲሰፍሩ ታዘዙ፤ በምሥራቅ ይሁዳ፣ በደቡብ ሮቤል፣ በምዕራብ ኤፍሬም፣ በሰሜን ዳን። «ዓላማ» በዚህ ስፍራ ግብ ማለት አይደለም፤ ከሩቅ የሚለይ ምልክት ነው። «ሰንደቅ ዓላማ» ስንልም ሰንደቁ ዘንጉ ነው፣ ዓላማው ጨርቁ። ዛሬ የምትኖሩበት ምድር ራሱ ይህን ያስረዳል፦ የዚህ ባሕረ ሰላጤ ሼኮች በ1820 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ነጭ ጠርዝ ያለው ቀይ ሰንደቅ እንዲይዙ ተስማሙ። የሻርጃ ሰንደቅ ነጩን ክፈፍ በዙሪያው እንደ ያዘ ነው፤ የዱባይና የዓጅማን ግን ነጩን በምሰሶው በኩል ብቻ አስቀርተውታል።

መጽሐፉ በነገዶቹ ዓላማ ላይ ምን እንደ ተሣለ አይናገርም። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ሊቅ አብርሃም ኢብን ዕዝራ ግን ከቀደሙት የሰማውን ጻፈ፦ ለሮቤል ሰው፣ ለይሁዳ አንበሳ፣ ለኤፍሬም በሬ፣ ለዳን ንስር። ሕዝቅኤል በራእዩ ያየው፣ ዮሐንስም በራእይ ምዕራፍ 4 የጻፈው የእነዚህኑ አራት መልክ ነው፤ በሀገራችን ኅዳር 8 ቀን የሚታሰቡት አርባዕቱ እንስሳ እነርሱ ናቸው።

ወደ ሎጅ የገቡት በጣም ዘግይተው ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ያዕቆብ ይሁዳ ሊዮን የሚባል የአምስተርዳም ረቢ የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ በትንሹ ሠርቶ ለሕዝብ ያሳይ ነበር፤ ሰዎችም ስለዚህ «ቴምፕሎ» ይሉት ጀመር። ሥራው ከጊዜ በኋላ ለንደን ደረሰ። በ1751 የተመሠረተው «የጥንታውያን» ታላቅ ሎጅ ጸሐፊ፣ አየርላንዳዊው ላውረንስ ደርመት፣ በ1764 ባሳተመው የማኅበሩ መጽሐፍ አራቱን መልኮች የያዘ ዓርማ አወጣ፤ ያገኘሁት ከረቢው ሥራዎች መካከል ነው አለ። በ1813 ተፎካካሪዎቹ ሁለት ታላላቅ ሎጆች ሲዋሐዱ ዓርማዎቻቸውም ተጣመሩ። ሮያል አርች በሚባለው የማኅበሩ ክፍል ደግሞ አራቱ መልኮችና የዐሥራ ሁለቱ ነገዶች ምልክቶች በሰንደቅ ተሠርተው በጉባኤ አዳራሹ ይቆማሉ። የየሎጁ የራሱ ሰንደቅ ሐር ነው፤ ዙሪያው ዘርፍ አለው፤ ስሙና ቁጥሩም ይጻፍበታል። በዚህ ግን ልዩ አልነበሩም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ብሪታንያ የሠራተኛ ማኅበራትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች ሳይቀሩ በሐር ሰንደቅ አደባባይ ይወጡ ነበር።

እንግዲህ አንበሳው ከሎጁ አልተወለደም፤ ሎጁ ተዋሰው እንጂ። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ማኅበር የነቀፈችው በሥዕሉ ምክንያት አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 12ኛ በ1738 ባወጡት ደብዳቤ የነቀፉት የምሥጢር መሐላውንና የልዩ ልዩ እምነት ሰዎች በዚያ መሐላ መተሣሠራቸውን ነበር። በ1983 የወጣው የቀኖና መጽሐፍ ማኅበሩን በስም ባለመጥራቱ «ተፈቀደ እንዴ?» ያሉ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በካርዲናል ራትሲንገር ፊርማ የወጣው መግለጫ ግን አባል መሆን ከባድ ኃጢአት እንደ ሆነና አባላት ቅዱስ ቁርባን መቀበል እንደማይችሉ አስረግጦ ተናገረ። በቊምስናዎቻችን አብረውን ከሚጸልዩት ከፊሊፒናውያን አገር፣ የዱማጌቴ ጳጳስ ባቀረቡት ጥያቄ ምክንያት፣ ይኸው ትምህርት በ2023 እንደ ገና ጸንቷል።

ወደ እኛ አንበሳው የመጣው በሌላ በር ነው፤ በራእይ ዮሐንስ 5፡5። የነገሥታቱ ማኅተምና ደብዳቤ የሚሸከመውን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» አውሮፓውያን «ድል አድራጊው አንበሳ» ብለው የንጉሥ ማዕረግ አድርገው ተረጐሙት። ግእዙን ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ «ሞዓ» ግሥ ነው፤ ድል ነሣ ይላል። ታሪክ ጸሐፊው ስቬን ሩበንሰን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ ቃሉ በመጀመሪያ ስለ ክርስቶስ የሚመሰክር መፈክር ነበር፤ ማዕረግ የሆነው በኋላ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሣዊ ሰንደቅ አንበሳው በአንድ ፊት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሌላው ፊት ነበሩ። ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የአንበሳው አክሊል ከራሱ ወረደ፤ የያዘው ባለ መስቀል ዘንግም ጦር ሆነ።