ርካሽ ዲስክ ውዱን የረታበት ታሪክ

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሁለት ሦስቱ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ቲቸር፣ የቤተሰቡ ፎቶና ዶክመንት በየስልኩ ተበታትኗል። ቤት ውስጥ ሁላችንም በዋይፋይ የምንጠቀምበት ማከማቻ ልገዛ ነው፤ ብር ግን ብዙ የለኝም። ምን ይሻላል?» እንግዲህ የታሪክ አስተማሪ ጠይቃችሁ ከታሪክ ሳይጀምር አይመልስላችሁም፤ ቻሉኝ።

የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ለገበያ ያቀረበው አይቢኤም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956። እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች የተደረደሩበት፣ ወደ አንድ ቶን የሚመዝን ማሽን ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሷቸው አንድ ሁለት ፎቶዎች ይሞሉታል! ድርጅቶች ከነኮምፒውተሩ በወር 3,200 ዶላር ይከራዩት ነበር።

ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ የትልልቅ ድርጅቶች መረጃ የሚቀመጠው በትልልቅና ውድ ዲስኮች ላይ ነበር። በ1980ዎቹ የግል ኮምፒውተር ሲስፋፋ ግን ትናንሽ ርካሽ ዲስኮች መጡ። በ1988 ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ አንድ ውድ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ርካሾችን አቀናጅቶ ማሠራት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል?

ችግሩ ዲስክ በበዛ ቁጥር የሚበላሸውም ይበዛል። መፍትሔያቸው መረጃውን ከአንዱ ዲስክ ቢጠፋ ከሌሎቹ እንዲገኝ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አንደኛው መንገድ ያንኑ ነገር በሁለት ዲስክ መጻፍ ነው። ሌላው እንዲህ ነው፦ አንዱ ላይ 5፣ ሌላው ላይ 7፣ ሦስተኛው ላይ ድምሩን 12 ጻፉ። 7 ያለበት ቢሞት ከ12 ላይ 5 ትቀንሳላችሁ፣ 7 ተመልሶ መጣ። በቃ! ስልቱን ሬይድ አሉት። ከስሙ ፊደላት አንዷ «ርካሽ» የሚለውን ቃል ትወክል ነበር። በኋላ ገበያው ያቺን ፊደል «ራሱን የቻለ» በሚል ተረጎማት። ርካሽ ብሎ በውድ መሸጥ መቼም ያስቸግራል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ ተማሪ ሳምባ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጀመረ። በእሱ አማካኝነት ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ ላላቸው ኮምፒውተሮች ፋይል ማካፈል ቻለ። ዛሬም ብዙዎቹ የቤት ማከማቻዎች በዚሁ ይሠራሉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ምክር ምንድነው? ብራችሁን በሚያምረው ሳጥን ላይ ሳይሆን በዲስኩ ላይ አውሉት። ቤት የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ካለ ኦፕንሚዲያቮልት የተባለውን ነፃ ሲስተም ጫኑበትና ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙት። መብራት ከሳጥኑ የበለጠ እንደሚበላ ግን አስቡበት። ከዚያ ሁለት እኩል ዲስክ ግዙ። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ አንዱ የሌላው ቅጂ ሲሆን የምታገኙት ቦታ 8 ሳይሆን 4 ነው። ከተቻለ ከተለያየ ሱቅ ግዟቸው፤ አብረው የተመረቱ ዲስኮች አብረው ሊታመሙ ይችላሉ። አሮጌ ዲስክ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደሠራ በፕሮግራም ሳታዩ ብር አትክፈሉ። የኛ መብራት ደግሞ ብልጭ ድርግም ስለሚል ትንሽ ዩፒኤስ ቅንጦት አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ፦ ሬይድ መጠባበቂያ አይደለም። ፋይል በስህተት ካጠፋችሁ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። ሌባም ሳጥኑን ይዞ ሲሄድ አንዱን ዲስክ አይተውላችሁም።

ለዚህ መልሱን ከራሳችን ታሪክ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1973 የገዳማትና የአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ተነሱ፤ የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ገዳሙ ላይ የሚደርስ እሳት ሚኒሶታ ያለውን አይነካውም።

እናንተ ሚኒሶታ አያስፈልጋችሁም። በየወሩ ፎቶውን አንድ ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ እህታችሁ ወይም አክስታችሁ ቤት አስቀምጡ። ለሳጥኑ ልታወጡት ያሰባችሁት ብር ለዚህች ሦስተኛ ዲስክ ይሁን። የእናታችሁ ፎቶ ሱቅ ሄዳችሁ የማትገዙት ዕቃ ነው።

የሞከራችሁት ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ እርስ በርስ እንማማር።