ልብ አትቆምም፣ ሥዕሉ ይፍጠን

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ከመተማ ዮሐንስ ተነሥተን ወደ ሰው ልብ እንግባ።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ ዛሬ የሰሊጥ አገር ናት። ሐምሌና ነሐሴ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለአጨዳ የደጋው ወጣት ይጎርፋል። ሲመሽ ከጥቁሩ አፈር ስንጥቅ፣ ከግራሩ ሥር የአሸዋ ዝንብ ትወጣለች፤ በንክሻዋም የካላ አዛርን ተሕዋሲ ታስተላልፋለች። ለዚህ በሽታ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ17 ቀን ይወጋል። ያድናል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መድኃኒት የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ሐኪሙ ምቱን በኢሲጂ ይከታተላል። የጡንቻውን አሠራር ግን ኢሲጂ አያሳየውም።

የልብ ጡንቻ ጭረቶች በውስጥ በኩል ወደ አንድ ወገን፣ በውጭ በኩል ወደ ሌላው ይጠማዘዛሉ። ልብ ደም የምትረጨው እንደታጠበ ነጠላ ራሷን እየጠመዘዘች ነው። ይህን አሠራር የሚያሳየው በማግኔት የሚሠራው የሥዕል መሣሪያ፣ ኤምአርአይ ነው፤ ውኃ በጭረቱ ርዝመት በቀላሉ፣ በአግድሙ በጭንቅ ስለሚሄድ መሣሪያው የውኃውን መንገድ ተከትሎ የጭረቱን አቅጣጫ ያነባል።

ፈተናው ታዲያ ምን መሰላችሁ? ውኃው የሚጓዘው ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው፤ ልብ ደግሞ በዚያው ጊዜ በሙሉ ኃይሏ ትዘላለች። ስለዚህ መሣሪያው የልብን ምት እየጠበቀ፣ ከብዙ አቅጣጫ ደጋግሞ ያነሣል። ሕመምተኛው በየመሐሉ «ትንፋሽህን ያዝ» ይባላል። ልቡ የደከመ ሰው ይህን እንዴት ይችላል?

ሊቃውንት ግን አልተኙም። እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ ሙሉ ሥዕል በቅጽበት የሚነሣበትን ስልት አቀረበ፤ በ2003 ኖቤል ተሸለመ። በ1999 የክላስ ፕሩስማን ቡድን ብዙ መቀበያዎችን በአንድነት አሠርቶ ከመለኪያው መስመሮች የተወሰኑትን መዝለል እንደሚቻል አሳየ። በ2007 ማይክል ሉስቲግና ባልደረቦቹ ጥቂት መረጃ ወስዶ የጎደለውን በሒሳብ መሙላትን ለኤምአርአይ አበቁት። ብዙ ንብርብሮችን ባንድ ጊዜ ማንሣትም ተጨመረ። የልብ ጭረት ምርመራ ዛሬም በአብዛኛው የተመራማሪዎች ሥራ ቢሆንም፣ ወደ ሕመምተኛው የሚያደርሰው መንገድ ይኸው ፍጥነት ነው።

እናንተ ሆስፒታል የምታስፋፉ ሆይ፣ ማግኔቱን ስትገዙ ፈጣኑን ስልትና የሚያነበውን ባለሙያ አብራችሁ አምጡ። አንዱ ሕመምተኛ ቶሎ ሲወርድ ሌላው ይገባል፤ ከመተማ ቆላ ለመጣው የቀን ሠራተኛም ተራው የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።