ቴአትሮ አማዞናስ

ቴአትሮ አማዞናስ በብራዚል የአማዞናስ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ በማናውስ መሀል፣ ሳን ሴባስቲያን አደባባይ ላይ የሚገኝ የኦፔራ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1896 ተመረቀ። በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ የጣሊያናዊው ፖንኪዬሊ ኦፔራ «ላ ጆኮንዳ» ታየበት። አዳራሹ 701 ሰው ያስቀምጣል።

ቤቱ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ለምክር ቤት የቀረበው በ1881 ነበር። ግንባታው በ1884 ቢጀመርም ለዓመታት ተጓተተ፤ ሥራውን ያፋጠኑት ገዥው ኤድዋርዶ ሪቤይሮ ናቸው። ወጪው የተሸፈነው ከጎማ ዛፍ በተገኘ ሀብት ነው። ያኔ የዓለም ፋብሪካዎች የሚሹት ጎማ በአብዛኛው ከአማዞን ደን ይወጣ ስለነበር፣ የማናውስ ባለጸጎች ብረቱን ከስኮትላንድ፣ እብነ በረዱን ከጣሊያን በመርከብ አስመጡ። ስለዚህ ቤት የሚጻፍ ሁሉ ዛፉን እየበሱ ፈሳሹን የቀዱትን ሰዎች መዝለል የለበትም። ብዙዎቹ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ድርቅ ሸሽተው የመጡ ድሆች ነበሩ። ስንቅና መሣሪያ በዱቤ እየወሰዱ ከዕዳ ሳይወጡ ኖረዋል፤ የደኑ ነባር ሕዝቦችም በግዳጅ ሠርተዋል።

ከሩቅ የሚለየው በብራዚል ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት ባሸበረቁ 36,000 ገደማ የሸክላ ንጣፎች የተሸፈነው ጉልላቱ ነው። ከ198ቱ ተንጠልጣይ መብራቶች 32ቱ የሙራኖ ብርጭቆ ናቸው። የአዳራሹ ጣሪያ የተሳለው ተመልካቹ ከኤፍል ግንብ ሥር ቆሞ ሽቅብ የሚያይ እንዲመስለው ነው። ከሁሉ የሚልቀው ግን ክሪስፒም ዶ አማራል የሳለው የመድረክ መጋረጃ ነው። ጥቁሩ የኔግሮ ወንዝና ደፍራሹ ሶሊሞይንስ ከማናውስ አጠገብ የሚገናኙበትን ያሳያል፤ ከአውሮፓ በተጫነ ጌጥ መሀል አገሪቱ ራሷ የምትታየው እዚህ ላይ ነው። በመግቢያው መንገድ ንጣፍ ላይም ጎማ ተቀላቅሏል፤ የሠረገላ ኮቴ ትርኢቱን እንዳይረብሽ ነው።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ዊክሃም በ1876 ወደ ለንደን የወሰደው የጎማ ዘር በእስያ እርሻዎች ሲያፈራ የአማዞን ንግድ ወደቀ፤ ቴአትሩም ለረጅም ዘመን ጸጥ አለ። ቬርነር ኸርዞግ በ1982 ባወጣው «ፊትስካራልዶ» ፊልም የተነሳ ታላቁ ድምፃዊ ካሩሶ እዚህ ዘፍኗል ብለው የሚያምኑ አሉ፤ እውነቱ ግን አልዘፈነም። ሕንፃው በ1966 በብሔራዊ ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1990 ታድሶ ተከፈተ። ከ1997 ጀምሮ የአማዞናስ የኦፔራ ፌስቲቫል መድረክ ሲሆን፣ የአማዞናስ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራም መቀመጫው እዚሁ ነው።