መመለሻው የታወቀ ጉዞ፦ የመዝናኛ መርከብ፣ ኑሮን የሚያስመስል ጨዋታና የአንኮበር የባሕር መንገድ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ጥያቄው ይህ ነው፦ የሰውን ኑሮ በሚያስመስል ቪዲዮ ጌም ውስጥ በመዝናኛ መርከብ የሚደረግ የዕረፍት ጉዞ ሲጨመር፣ ጨዋታው ስለ ሰው ኑሮ ምን እየነገረን ነው? ይህን ጥያቄ ከባሕር ርቃ በደጋ ላይ በተቀመጠችው በደብረ ብርሃን ማንሣት ያለ ቦታው አይደለም። ከዚህ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር ለረጅም ዘመን ወደ ባሕር የሚወርድ መንገድ በር ነበረችና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ‹‹ዘ ሲምስ›› የተባለው ቪዲዮ ጌም በ2000 ለገበያ ቀረበ። ነዳፊው አሜሪካዊው ዊል ራይት ነው። በ1991 በኦክላንድ ከተማ በተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ቤቱን ካጣ በኋላ፣ ኑሮውን እንደ ገና ሲያደራጅ ሰው ለመኖር በእርግጥ ምን ምን እንደሚያስፈልገው ማሰላሰል ያዘ። የጨዋታው አሳብ የመነጨው ከዚህ ነው። በጨዋታው ድል የሚነሣ ጠላት የለም። ተጫዋቹ ሰዎችን ይፈጥራል፣ ቤት ይሠራላቸዋል፣ ሥራ ያስገባቸዋል፣ ይድራቸዋል። በመጀመሪያው ጨዋታ የእያንዳንዱ ሰው ደኅንነት በ8 መለኪያዎች ይታይ ነበር፤ እነዚህም ረኃብ፣ ምቾት፣ ንጽሕና፣ መጸዳዳት፣ ጉልበት፣ ደስታ፣ ከሰው ጋር መሆንና የክፍሉ ውበት ናቸው።

የዕረፍት ጉዞ ወደዚህ ኑሮ የገባው ዘግይቶ ነው። በ2002 አንድ የዕረፍት ደሴት ተጨመረ። በ2007 በሁለተኛው ጨዋታ ሦስት መዳረሻዎች መጡ፤ በ2009 በሦስተኛው ጨዋታ ወደ ግብፅ፣ ወደ ቻይናና ወደ ፈረንሳይ መጓዝ ተቻለ፤ በ2013 ደግሞ ጀልባና የባሕር ዳር መዝናኛ ያለበት የደሴቶች ዓለም ቀረበ። ብዙ ተጫዋቾች ከዚህም አልፈው መርከቡ ራሱ መዳረሻ የሚሆንበትን ጉዞ ይመኛሉ፤ በግንባታ መሣሪያው መርከብ የሚመስል ቤት በገዛ እጃቸው የሠሩም አሉ። እኔ በእነዚህ የዕረፍት ጉዞዎች ውስጥ ያስተዋልሁት አንድ ነገር አለ። ተጫዋቹ የቀኑን ቁጥር ይመርጣል፣ ዋጋውን ይከፍላል፤ ቀኑ ሲያልቅ ቤተሰቡ ያለ ጥያቄ በቤቱ ደጃፍ ይገኛል። የንግግሬ ዋና አሳብ ከዚህ ይነሣል። ጉዞን ዕረፍት የሚያደርገው ምግቡም፣ ሙዚቃውም፣ የባሕሩ ነፋስም አይደለም፤ መመለሱ የተረጋገጠ መሆኑ ነው። ይህ ማረጋገጫ ደግሞ ታሪክ አለው፤ ለሁሉም እኩል የተሰጠበት ዘመንም አልነበረም።

ጨዋታን እንደ ታሪክ ምንጭ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆቻችን ኑሮን የሚያስመስሉበት የራሳቸው ጨዋታ አላቸው፤ ዕቃ ዕቃ ይሉታል። ገሉ ድስት፣ ጭቃው ወጥ፣ ቅጠሉ እንጀራ ይሆናል። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌላው እንግዳ ነው። ልጆቹ ከአዋቂዎች ኑሮ የሚወስዱት የከበደውንና የደመቀውን መርጠው ነው። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ቡና ማፍላትና እንግዳ መቀበል አለ። ለመዝናናት ብሎ ከቤት ርቆ መሄድ ግን እኔ በማውቀው ዕቃ ዕቃ ውስጥ የለም። የመኳንንቱ ሰንጠረዥም እንዲሁ ዘመኑን ይመስል ነበር። የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ከሌላው የሚለየው ‹‹ወረራ›› የሚባለው መክፈቻው ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈቃዳቸው ያሰልፋሉ። ዘመቻ የዓመቱ ሥርዓት ለነበረበት አገር ይህ ደንብ ተስማሚ ነበር።

ይህ ማለት አባቶቻችንና እናቶቻችን ያለ ሥራ አይጓዙም ነበር ማለት አይደለም። ለንግሥ ይሄዳሉ፣ ጠበል ይገባሉ፣ ስለት ያደርሳሉ፣ ዘመድ ይጠይቃሉ። ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ዛሬም የሚያስተናግዱት መንገደኛ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ጉዞ ዕረፍት ብሎ የጠራው የለም። ቃሉ ራሱ ሌላ ክብደት ነበረው፤ በስንክሳር የጻድቁ ‹‹ዕረፍት›› ሞቱ ነው፤ እኛም ሽማግሌ ሲሞቱ ‹‹ዐረፉ›› እንላለን። የዓመት ዕረፍት የሚለው አነጋገር የመጣው ከደመወዝና ከቢሮ ሰዓት ጋር ነው።

አሁን ወደ መርከቡ እንምጣ። በጥር 1839 ብሪታንያ ኤደንን ያዘች። በቦምቤይና በስዊዝ መካከል የሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች የድንጋይ ከሰል የሚሞሉበት ወደብ ያስፈልጋቸው ነበርና። ኤደን ከተያዘች በኋላ የእንግሊዞች ዓይን ወደ ማዶው ጠረፍና ከጠረፉ በላይ ወዳለው ደጋ አቀና። በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የተመራ መልእክተኛ ጓድ ከቦምቤይ በእንፋሎት መርከብ ተነሥቶ በኤደን በኩል ታጁራ ደረሰ። ከዚያም ከባሕር ወለል በታች ያለውን የአሳል ሐይቅ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከአንድ ወር በላይ ከተጓዘ በኋላ ወደ ሸዋ ወጣ። ኅዳር 16 ቀን 1841 ከዚህ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በአንጎለላ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ሐሪስ ስለ ጉዞው የጻፈውን ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ በ1844 አሳተመ።

በዚያው በ1844 ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ ሰዎችን ለማየትና ለመዝናናት ብቻ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ማጓጓዝ ጀመረ። ደራሲው ዊልያም ታከሪ ያለ ክፍያ ተሳፍሮ እስከ ካይሮ ደረሰ፤ በ1846 የጉዞ መጽሐፉን አወጣ። የመዝናኛ መርከብን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከዚህ ነው። ለዚሁ አገልግሎት ብቻ ተብላ የተሠራችው የመጀመሪያዋ መርከብ፣ የጀርመኗ ‹‹ፕሪንሴሲን ቪክቶሪያ ሉዊዘ››፣ ወደ ውኃ የወረደችው በ1900 ነው፤ በ2024 ሥራ የጀመረችው ‹‹አይከን ኦፍ ዘ ሲስ›› ደግሞ እስከ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች። እንግዲህ የመርከብ ሽርሽርና የአንጎለላው ውል የአንድ ዘመን፣ የአንድ የእንፋሎት ኃይል ልጆች ናቸው። ታከሪን ለሽርሽር የወሰደው የመርከብ ሥርዓት ነው ሐሪስን ወደ እኛ ያደረሰው።

ልዩነቱ የሚታየው በመመለሱ ላይ ነው። የታከሪ መርከብ የመነሻና የመመለሻ ቀን ነበራት። በአንኮበር መንገድ ግን መግባትም መውጣትም በንጉሡ ፈቃድ ነበር፤ የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ መንገዱን በንጉሡ ስም ይጠብቁ ነበር። ከሐሪስ ጓድ ሦስት ሰዎች ገና በበረሃው ሳሉ በሌሊት ተገድለዋል። በ1839 ሸዋ የገባው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1842 በወሎ በኩል ሲወጣ በአዳራ ቢሌ ተይዞ ተዘረፈ፤ ኋላ በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ ለመመለስ ቢሞክር መንገዱ ተዘጋበት። ከእነርሱ በፊት በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ ሐፄ እስክንድር ዘመን ቤተ መንግሥት የመጣው ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ርስትና ማዕረግ ተሰጥቶት በክብር ኖረ፤ አገሩን ግን ዳግም አላየም። እነዚህ ሰዎች የመጡት በነገሥታት ወረቀትና በድጋፍ ነበር፤ ይህም ሆኖ መመለሳቸው በእጃቸው አልነበረም።

ወረቀትም ድጋፍም ያልነበራቸው ሰዎች ደግሞ አሉ። ከአንኮበር በታች በአልዩ አምባ ትልቅ ገበያ ነበር፤ ጨውና ቡና፣ ጨርቅና የዝሆን ጥርስ ይለዋወጡበት ነበር። በአጠገቡ በአብዱል ረሱል ሰው ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች ከዚያ በእግር ወደ ታጁራ ይወርዱና በጀልባ ቀይ ባሕርን ይሻገሩ ነበር። ለእነርሱ መርከብ ማለት ከናትና ካባት፣ ከቋንቋና ከስም መለያያ ነው። ሐሪስ የጨርቁንና የጠመንጃውን ስጦታ ዝርዝር ትቶልናል፤ የእነዚህን ሰዎች የስም ዝርዝር ያቆየልን ግን የለም። የታሪክ ተማሪ ሆናችሁ ወደ አልዩ አምባ ስትወርዱ፣ ያ ቁልቁለት ለብዙዎች መመለሻ የሌለው መንገድ እንደ ነበረ እንድታስቡ እፈልጋለሁ።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ባላነሣሁት ነበር። በሚያዝያ 2024 በጅቡቲ ጠረፍ፣ በጎዶሪያ አቅራቢያ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት የስደተኛ ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ቦታው ከታጁራ እምብዛም አይርቅም። በሌላ በኩል፣ ወደብ የሌላት አገራችን በባሕር ዳርና በባቦጋያ የመርከብ መሐንዲሶችን ታሠለጥናለች፤ ወጣቶቻችን በውጭ አገር መርከቦች ሞተር ክፍል ይሠራሉ። እንግዲህ ዛሬ አንድ የሰሜን ሸዋ ወጣት በሦስት መንገድ ባሕር ላይ ሊገኝ ይችላል፤ በስደት ጀልባ፣ በሞተር ክፍል፣ ወይም በስልኩ በሚጫወተው ጨዋታ መንገደኛ ሆኖ። በሦስቱም ባሕሩ አንድ ነው፤ የሚለየው የመመለሻው ነገር ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ጨዋታውን አልወቅስም። ዕረፍት የሰው ልጅ መብት መሆኑን በ1948 የወጣው የዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 24 ላይ ደንግጓል፤ ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ፈቃድንም ጨምሮ። ይህ ሠራተኞች በረጅም ትግል ያገኙት ነገር ነው። ቀን ሙሉ ስትሠራ የዋለች ሴት ማታ በስልኳ አንድ ቤተሰብ መርከብ ላይ አሳፍራ ብትደሰት፣ ደስታዋን የሚነፍግ ታሪክ ጸሐፊ የለም፤ እኔም አልሆንም። የምለው፣ መመለስን እንደ አየር በነጻ የሚገኝ ነገር አድርጎ የሚያሳይ ጨዋታ የአንድን ወገን ኑሮ የሰው ሁሉ ኑሮ አድርጎ እንዳያስቀር ነው።

ስለዚህ የመጨረሻ ቃሌ ለኮምፒውተር ተማሪዎች ነው። ጨዋታ መሥራት በአገራችን ሕልም መሆኑ ቀርቷል፤ ‹‹ቅኔ ጌምስ›› የተባለው ድርጅት ‹‹ኩኩሉ››ንና ‹‹ገበታ››ን ለስልክ አቅርቧል። ከእናንተ አንዱ ኑሮን የሚያስመስል ጨዋታ ሠርቶ መርከብ ሊጨምርበት ቢነሣ፣ ከታሪክ የምሰጠው ምክር አራት ነው። በመጀመሪያ፣ መርከቡ የሞተር ክፍልና የሠራተኞች መኝታ ይኑረው፤ መንገደኛው ሲያርፍ የሚሠራው ሰው ስምና ደመወዝ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ከመሳፈር በፊት ወረቀት የሚጠይቅ አንድ በር ይኑር፤ ከወላስማ እስከ ዛሬው የቪዛ መስኮት ያለ በር የተጓዘ የለም። ሦስተኛ፣ የጉዞው ምክንያት ደስታ ብቻ አይሁን፤ ከ8ቱ መለኪያዎች ጎን ናፍቆትና ስለት ይጨመሩ፤ የእኛ ሰው ከቤቱ የሚወጣው በእነርሱ ነውና። አራተኛ፣ የሚመለሰውን የሚጠብቅ ሰው ከቤት ይኑር። መንገደኛው በደጃፉ ሲደርስ ‹‹እንኳን ደኅና ገባህ›› የሚለው ይኑር። ይህን ሰላምታ ያቆየልን መመለስ የማይታመንበት መንገድ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ቢሰማ ተጫዋቹ ያ የዕረፍት ጉዞ ምን ያህል ውድ ነገር እንደ ሆነ ያውቃል።